ሦስት ቤት የሚያድር ፈረስ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ይህ ጥያቄ የመጣልኝ ከጎንደር ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«አባታችን ሲያርፉ አንድ ዳማ ፈረስ ትተውልናል። ታላቅ ወንድሜ አምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ነው። እኔ ከተማ ነኝ። የአጎታችን ልጅ አዘዞ ላይ በጋሪ ይሠራል። ፈረሱን መሸጥ ስለከበደን በተራ እንይዘዋለን። ለጥምቀትና ለሰርግ ደግሞ ዘመድም ጎረቤትም ይዋሰናል። ዘንድሮ ለጥምቀት የወሰደው ጎረቤት ሲመልሰው ጀርባው ተልጧል። አሁን ይበላል፣ ይጠጣል። ኮርቻ ሲያይ ግን ጆሮውን አጥፎ ሊናከስ ይመጣል። የወንድሜን ልጅም ሆዱ ላይ ረግጦታል። ዱሮ ሕፃን የሚመራው ጨዋ ፈረስ ነበር። ምን ነካው? ማንስ ነው የሚያሳክመው? ከእንግዲህ አናውስም ብንል ሰው ይቀየመናል፤ ምን ይሻላል?»

ከልጁ ልጀምር። ሆዱን የተረገጠ ልጅ እየተጫወተም ቢሆን ሐኪም ይየው። ጉበትና ጣፊያ ላይ የደረሰ ጉዳት በዚያው ቀን ላይታይ ይችላል። ሆዱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ ፊቱ ከገረጣ ወይም ሽንቱ ደም ከቀላቀለ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት፤ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ቀጥሎ አንድ ነገር ማጣራት አለብን። ጨዋ የነበረ ፈረስ በድንገት መናከስ ሲጀምር እኛ አገር ያለ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠረጥረው የእብድ ውሻ በሽታን ነው። ባለፉት ወራት ውሻ ነክሶት ያውቃል? ምራቁን ያዝረከርካል? መዋጥ ያቅተዋል? የኋላ እግሩ ይንገዳገዳል? የገዛ ገላውን ይነክሳል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ለብቻው ይታሰር። ማንም አፉ ውስጥ እጁን አያስገባ። የእንስሳት ሐኪም በአስቸኳይ ይጠራ። የነከሰው ሰው ካለም ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። የእርስዎ ፈረስ ግን በደንብ እየበላና እየጠጣ ነው፤ የሚቆጣውም ኮርቻ ሲያይ ብቻ ነው። ይህ ወደ ጀርባው ይጠቁመኛል።

ፈረሱ አልከፋም፤ አሞታል። ይህን ሦስታችሁም ካላመናችሁ የቀረው ምክር አይሠራም። ፈረስ ሕመሙን የሚናገርበት መንገድ ጥቂት ነው። ጆሮውን ያጥፋል፣ ጭራውን ያወናጭፋል፣ ጀርባውን ዝቅ አድርጎ ከእጅዎ ይሸሻል። ያንን የሚያይለት ሲያጣ ይነክሳል ወይም ይረግጣል። አንድ ሰው ሁልጊዜ ቢይዘው ኖሮ ጆሮውን ባጠፈበት ቀን ይታወቅ ነበር። ከቤት ቤት የሚዞር ፈረስን ግን እያንዳንዱ ተረኛ «ዛሬ ምን ሆነ?» ብሎ ያልፈዋል። ትናንትም እንዲያው እንደነበር የሚያውቅለት የለም።

ስለ ጀርባው ቁስል ረዘም አድርጌ ልንገርዎ፤ የክፍያው ጥያቄም መልሱ እዚያ ውስጥ ነው።

የጀርባ ቁስል የሚጀምረው ከውስጥ ነው። ኮርቻው አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ሰዓት ሲጫን ቆዳው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይዘጋሉ። ደም ያጣ ሥጋ ይሞታል። ኮርቻው በወረደበት ሰዓት የሚታየው ትንሽ እብጠትና ሙቀት ብቻ ነው። መላጡና መቁሰሉ የሚመጣው ከቀናት በኋላ ነው። ስለዚህ ቁስሉ የታየበት ቀንና ቁስሉ የተፈጠረበት ቀን አንድ ላይሆን ይችላል። ጎረቤትዎን ከመውቀስዎ በፊት ይህን ያስቡበት።

አሁን ፈረሱን ብርሃን ላይ ያቁሙትና በቅርብ ይዩት። ዳማ ፈረስ ስለሆነ ይቀላል። ጀርባው ላይ ነጠላ ነጠላ ነጭ ጸጉር የበቀለበት ቦታ አለ? ያ የዱሮ ጫና ምልክት ነው። የጸጉሩ ሥር ተጎድቶ ቀለሙን ያጣበት ቦታ ነው። ነጩ ጸጉር ያለው የጋሪው መቀመጫ በሚያርፍበት ላይ ነው ወይስ ሰው በሚቀመጥበት? ደረቱ ላይ፣ የጋሪው ማሰሪያ በሚስብበት በኩል ጠባሳ አለ? ጭራውን ቀና አድርገው ከሥሩም ይዩ። ኮርቻው ወደፊት እንዳይንሸራተት ከጭራው ሥር የሚያልፈው ማሰሪያ ቀጭን ገመድ ከሆነ እዚያ ላይ ይቆርጠዋል። በጋሪ ፈረሶች ላይ አዘውትሬ የማየው ቁስል ይህ ነው፤ ባለቤቱ ግን ጭራ ስለማያነሳ አያውቀውም። የከንፈሩን ማዕዘኖችም ይዩ። ሻካራ ብረት የሆነ ልጓም እዚያ ይቆርጣል። ይህን ሁሉ ሲያዩ አንድ ሰው ከፊት ልባቡን ይያዝልዎ፣ እርስዎም ከጎኑ ይቁሙ።

እንዲህ ሲመረመር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ነገር ይህ ነው፦ የተዋሰው ሰው ቁስሉን ጨረሰው እንጂ አልጀመረውም። ጋሪው ጀምሮታል፣ የክሳቱ ወራት አግዘውታል፣ ጥምቀት ደግሞ አፈነዳው።

ክሳት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛ ኮርቻ እንጨት ነው፤ አይተጣጠፍም። በጥቅምት፣ ሣሩ ገና ሳለ፣ ፈረሱ ወፍሮ ልክ የሆነለት ኮርቻ በጥር ሲከሳ ይወርድና አከርካሪው ላይ ያርፋል። መፈተሻው ቀላል ነው። ሰው ከተቀመጠበት በኋላ ከኮርቻው ሥር፣ ጋማው የሚያልቅበት ጉብታ ላይ፣ ሦስት ጣት ይግባ። ካልገባ ያ ኮርቻ ለዚያ ፈረስ አይሆንም። ብርድ ልብስ መደራረብ መፍትሔ አይደለም፤ የባሰ ያጠብበዋል። ከሥር የሚነጠፈው ስፌት የሌለው፣ ላብ የሚጠጣ ጥጥ ወይም ሱፍ ይሁን። የማዳበሪያ ከረጢት አታንጥፉ። ላብ አይጠጣም፣ ያሞቃል፣ ሲታጠፍም ጠርዙ ይፈጫል። ሌላም ምልክት አለ። ፈረሱ አልቦት ሳለ ኮርቻው ሲወርድ ደረቅ ሆኖ የቀረ ቦታ ካዩ ጫናው የበዛው እዚያ ነው።

አሁን ጥምቀትን አስቡት። ጎንደር ፈረስ የሚከበርባት ከተማ ናት። ከፋሲለደስ መዋኛ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ክብ ግንብ ሕዝቡ የዞብል፣ የንጉሥ ፈረስ፣ መቃብር ይላታል። የቋራው ካሣም «አባ ታጠቅ» የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። በከተራና በጥምቀት ፈረሱ ግላስ፣ ማለትም ያጌጠ የፈረስ ልብስ፣ ለብሶ፣ ተሸልሞ ሲወጣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ያ ያማረ ኮርቻ ብዙ ጊዜ የፈረሱ አይደለም። ከሌላ ሰው የመጣ፣ ለሌላ ጀርባ የተሠራ ነው። ከጠዋት እስከ ማታም አይወርድም። ፈረስን የሚጎዳው ግልቢያው ብቻ አይደለም። ተጭኖ ቆሞ መዋልም ይጎዳዋል። በየሁለት ሰዓቱ ኮርቻው ይውረድለት። ሲወርድም መጀመሪያ የሆዱ ጠፍር ይላላና አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ። ደሙ ቀስ ብሎ እንዲመለስ ነው። ከዚያ ኮርቻው ይነሳና ጀርባው በእጅ ይታሽ።

ስለ ክብደትም ላንሳ። ሚዛን አያስፈልግም፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። የደረቱን ዙሪያ ከፊት እግሮቹ ኋላ ይለኩ። ርዝመቱን ከትከሻው አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ይለኩ። ዙሪያውን በራሱ ያባዙ፣ በርዝመቱ ያባዙ፣ ለ11,877 ያካፍሉ። ዙሪያው 140፣ ርዝመቱ 130 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ 215 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ብዙ ባለሙያዎች የሚስማሙበት ልክ ተቀማጩ ከነኮርቻው ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛ እንዳይበልጥ ነው። ለዚህ ፈረስ 43 ኪሎ መሆኑ ነው። ጎልማሳ ሰው ይህን ያልፈዋል፤ አውቃለሁ። ስለዚህ የሚያሳጥሩት ሰዓቱን ነው። ከባድ ሰው ከሆነ አጭር መንገድ፣ በእርምጃ፣ ሜዳ ላይ። ሁለት ሰው አፈናጦ መሄድ ግን በምንም ሰበብ አይፈቀድ።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ዕቃው ነው። ፈረሱ በሄደበት ዕቃው አብሮት ይሂድ፤ የራሱ ኮርቻ፣ የራሱ ልጓም፣ የራሱ የጀርባ ልብስ፣ የጋሪውም ማሰሪያ ለብቻው። አንደኛው ምክንያት ልኩ ነው። ሌላኛው በሽታ ነው። አዘዞ ያለው ዘመድዎ ንድፍት የሚባለውን ያውቀዋል። በደረት፣ በአንገት ወይም በእግር ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደረ እብጠት ይወጣል፤ ይፈርጣል፣ መግል ይወጣዋል፣ ይድናል ሲባል ከጎኑ ሌላ ይነሳል። ፈንገስ ነው። የሚገባው በቆሰለ ቆዳ ነው። የሚሸጋገረውም በዝንብ፣ በጋራ ማሰሪያ፣ በጋራ ኮርቻና ቁስል በነካ እጅ ነው። በኢትዮጵያ በብዛት የታየው ሞቅና ረጠብ ባለው፣ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ባለው ቦታ፣ በጋሪ ፈረሶች ላይ ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚያው ክልል ውስጥ ነች። አምባ ጊዮርጊስ ደግሞ ከዚያ በላይ ያለ ብርዳም ደጋ ነው። ስለዚህ ከወንድምዎ ዘንድ ንጹሕ ሆኖ የመጣ ፈረስ ከተማ ገብቶ፣ ጀርባው በትንሹ ተፍቆ፣ የሌላ ፈረስ ማሰሪያ ሲታሰርበት በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ምልክቱ ከሳምንታት እስከ ወራት ሊዘገይ ይችላል። ያኔ ከማን እንደያዘው ማንም አያውቅም፤ ጠቡ ግን አይቀርም። በጊዜ ከተደረሰበት ሕክምና አለው። ከሰፋ ግን አድካሚና ውድ ነው፣ ውጤቱም አያስተማምንም።

ዕቃ የግድ ከተዋሳችሁ የልጓሙን ብረት ውሃ ውስጥ ቀቅሉት። ጨርቁን በሳሙና ቀቅላችሁ እጠቡ። ቆዳውንና እንጨቱን በሳሙና ፈትጋችሁ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁ። ንድፍት የያዘው ፈረስ የታሰረበትን ዕቃ ግን አትቀበሉ፤ ይህን በይሉኝታ የምታልፉት ነገር አይደለም።

ስለ ክትባት በአጭሩ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው በትንንሽ ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፍ፣ ከክረምት ማብቂያ ጀምሮ የሚበረታ ገዳይ በሽታ ነው። ክትባቱን ቢሾፍቱ ያለው የብሔራዊ እንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ያመርታል፤ በዓመት አንዴ ከክረምቱ በፊት ይሰጣል። የጋራ ፈረስ ላይ የማየው ችግር ሦስቱም ቤት «እነሱ አስከትበውታል» ብሎ መቀመጡ ነው። ማን እንዳስከተበው ዛሬውኑ ተጠያየቁ።

ምግቡም እንዲሁ ነው። ወንድምዎ ጋ ሣርና ገብስ ይበላል። አዘዞ ጭድ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ። እርስዎ ጋ ምናልባት አተላ። የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ነው፣ ማስመለስም አይችልም። አንጀቱ ውስጥ ምግቡን የሚያብላሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ከለመዱት ውጭ በድንገት ሲመጣባቸው ጋዝና ቁርጠት ይሆናል። ቁርጠት ፈረስ ይገድላል። ስለዚህ ፈረሱ ቤት ሲቀይር የአንድ ሳምንት ምግቡ አብሮት ይሂድ፤ አዲሱ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይለመድ። ከተማ ውስጥ መንገድ ዳር ለቆ ማጋጥ ይቅር፤ ፌስታል ይበላል፣ አንጀቱን ይዘጋዋል።

ውሃ ላይ ደግሞ ጋሪ ነጂዎቻችን «ሥራ ላይ ውሃ ከጠጣ ይቆርጠዋል» ይላሉ። ይህን ልቃወም። ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ውሃ ይፈልጋል፤ ሙቀትና ሥራ ሲበዛ የበለጠ። ቀኑን ሙሉ ተከልክሎ ማታ ደረቅ ጭድ ሲሰጠው ነው አንጀቱ የሚደርቀው። ላብ እንዳለበትም ቢሆን ትንሽ ትንሽ እየተደጋገመ ይጠጣ። ጋሪው ላይ ጄሪካንና ባልዲ ይኑር።

አሁን ወደ አያያዝ። የፈረስ ዓይኖች ጎንና ጎን ናቸው። ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል። የማያየው ልክ ከኋላውና ከአፍንጫው ፊት ለፊት ጥግ ያለውን ነው። ልጁ የተረገጠው ከኋላ ሄዶ ይመስለኛል። ወደ ፈረስ የሚኬደው በትከሻው በኩል፣ ድምፅ እያሰሙ ነው። እጅ መጀመሪያ የሚያርፈው አንገቱ ላይ ነው እንጂ ፊቱ ላይ አይደለም። ከኋላ ማለፍ ካለብዎ ወይ ሰውነቱን እየነኩ፣ ተጠግተው፣ እያነጋገሩት ይለፉ፤ ወይ ከሦስት ሜትር በላይ ርቀው ይለፉ። አደገኛው መሀሉ ነው። የሚመሩበት ገመድ እጅ ላይ አይጠምጠም፤ ሲደነብር ጣት ይቆርጣል፣ ሰው ይጎትታል። ልጆች ትልቅ ሰው በሌለበት አይያዙት፣ አሁን በቆሰለበት ጊዜ ደግሞ ጨርሶ አይቅረቡት።

ለብዙ ሰው የሚሠራ ፈረስ ሌላም ጉዳት አለበት። ትእዛዙ ይደበላለቅበታል። ጋሪ ነጂው «ሂድ» የሚለው በአለንጋ ነው። ወንድምዎ በተረከዝ ነው። ለጥምቀት የተዋሰው ወጣት ደግሞ ሰው እያየው ነውና ልጓሙን እየሳበ በተረከዙም እየመታ ያስጨፍረዋል። ቁምም ሂድም በአንድ ጊዜ። ፈረስ የሚማረው ጫናው ሲነሳለት ነው። ልጓም ሲሳብ ከቆመ ልጓሙ በዚያው ቅጽበት ይላላ። ካልላላ መቆም ምን ትርፍ አለው? ወይ አፉ ይደነድናል፣ ወይ በኋላ እግሩ ይቆማል። ሦስታችሁ አንድ ቀን ተገናኝታችሁ በምን ቃል እንደሚሄድ፣ በምን ቃል እንደሚቆም፣ በየት በኩል እንደሚጫን ተስማሙ። ቀላል ነገር ነው፤ ለፈረሱ ግን ትልቅ እረፍት ነው።

እንግዲህ ዋናው ምክሬ እዚህ ላይ ነው። መጠቀሙን ተካፈሉ፤ ጥበቃውን ግን ለአንድ ሰው ስጡ። ከሦስታችሁ አንዱ «የፈረሱ ኃላፊ» ይሁን። ፈረሱ የትም ቤት ይደር፣ ይውጣ ወይም አይውጣ የሚለው እሱ ነው። ታላቅ ስለሆነ ብላችሁ ሳይሆን ፈረሱን በእጁ ዳስሶ የሚያውቅ ስለሆነ ምረጡት። እሱ «ዛሬ አይጫንም» ካለ ጋሪም ቢቆም ሰርግም ቢደርስ አይጫንም። ይህ ሥልጣን ከሌለው ኃላፊነቱ ስም ብቻ ነው።

ተራውም በሳምንት ሳይሆን በወቅት ይሁን። በየሳምንቱ ቤት፣ ምግብና ሰው የሚቀያየርበት ፈረስ አይረጋም። ለምሳሌ ከክረምት እስከ ጥቅምት አምባ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ ከተማ። ሰኞ እስከ ቅዳሜ ጋሪ የጎተተ ፈረስ እሑድ ሙሽራ ይሸከም አይባልም። እያንዳንዳችሁ የምትቆጥሩት የየራሳችሁን ሰዓት ነው። ፈረሱ የሚሸከመው ድምሩን ነው። ጋሪውንም እዩት። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዳገት ነው፤ ሲመለስ ቁልቁለቱ የከፋ ነው። ፍሬን የሌለው ጋሪ ከኋላ እየገፋ ፈረሱን አስፋልት ላይ ያንሸራትተዋል። ጭነቱ ጎማው መሀል ላይ ካልተመጣጠነ ደግሞ የፊቱ ክብደት እንዳለ ጀርባው ላይ ያርፋል።

አንድ ተራ ደብተር ይግዙ። መቼ ተከተበ፣ መቼ የትል መድኃኒት ወሰደ፣ ኮቴው መቼ ተስተካከለ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው መታየት አለበት። ማን ወሰደው፣ በምን ሁኔታ ወጣ፣ በምን ሁኔታ ተመለሰ። ፈረስ ሲሰጥም ሲመለስም ሁለቱም ሰው ባለበት ጀርባው ይታይ፣ በስልክ ፎቶ ይነሳ፣ ሃያ ሜትር ያህል ደረቅ መሬት ላይ በእርምጃ ይሂድ። የሚያነክስ ፈረስ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ ያዩታል። እንዲህ ማድረግ አለመተማመን አይደለም። ሰው አደራ ሲሰጥ ቆጥሮ ይሰጣል፣ ቆጥሮ ይቀበላል።

ክፍያውን በተመለከተ። ቁስሉን አይታችሁ ነጭ ጸጉርና የዱሮ ጠባሳ ካገኛችሁ ወጪውን ከጎረቤት ላይ አትጣሉ፤ ሦስታችሁ ተካፈሉ፣ ጋሪው ገቢ ስላለው ድርሻው ከፍ ይበል። ጠባሳ ከሌለና ቁስሉ አዲስ ከሆነ ደግሞ ጎረቤትዎን ጠርተው ጀርባውን ያሳዩት። ብዙ ሰው ሲያየው ራሱ «እኔ አሳክማለሁ» ይላል። ካልሆነ አንድ የሚያከብረው ሽማግሌ መሀል ይግባ። በሕግ በኩል ማወቅ ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው፤ ፈረሱ በሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳውን ባለቤት ተጠያቂ ያደርጋል፣ እንስሳው ከእጁ አምልጦ ቢሆን እንኳ። በአንቀጽ 2072 ደግሞ እንስሳውን ለራሱ ጥቅም የያዘ ሰው፣ ተከራይቶም ይሁን ተውሶ፣ በእጁ ሳለ ለደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ይህን ለሚዋሰው ሰው አስቀድመው ይንገሩት። ጥምቀት ላይ ሕዝብ በተጨናነቀበት፣ ከበሮና እልልታ በበዛበት የሚናከስና የሚረግጥ ፈረስ ይዞ መግባት ቀልድ አይደለም። እንደሚረግጥ እያወቁ ዝም ብሎ ማዋስ ደግሞ ከሕጉም በፊት ነውር ነው።

«አናውስም» ስለማለት። ጎንደር ውስጥ ለጥምቀት የተጠየቀ ፈረስ መከልከል ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አይከልክሉ፤ አወጣጡን ይቀይሩ። «ፈረሱ ከጠባቂው ጋር ነው የሚወጣው» ይበሉ። ኃላፊው ወይም እሱ የወከለው ሰው አብሮ ይሄዳል፣ ልባቡን ይይዛል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ኮርቻውን ያወርዳል። የሚጫነው የራሱ ኮርቻ ነው፤ ግላሱን ተዋሹ ያምጣ፣ ከላይ ይደረብለታል። ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን፣ ወይም ከእኩለ ቀን እስከ ማታ፤ ሁለቱንም አይሆንም። በዚህ ደንብ የሚቀየም ሰው ፈረስዎን እንዴት ሊይዘው እንዳሰበ ነግሮዎታል። ዘንድሮ ለሚመጡት የሰርግ ጠያቂዎች ደግሞ «ሐኪም አግዶታል» ይበሉ። ውሸት አይደለም፤ አግጄዋለሁ።

እግዱም እንዲህ ነው። ቁስሉን በቀን ሁለቴ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ በአንድ ሊትር ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው አድርገው ይጠቡት። በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁት። ንጹሕ ማር በስሱ ይቀቡት፤ ቁስል ያጸዳል፣ ይረዳል። ዝንብ እንዳያርፍበት ጥላ ውስጥ ይሁን። የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ የባትሪ አሲድ፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ እነዚህን የሚመክርዎትን አይስሙ፤ ደህናውን ሥጋ ይገድላሉ። ቁስሉ ከሸተተ፣ መግሉ ከጥልቀት ከወጣ፣ ሲነኩት እንደ ቦይ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ከጎኑ የተደረደረ እብጠት ካዩ በቤት አይቀጥሉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክ ወይም ቅርብዎ ያለው የእንስሳት ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ፈረስ ለመንጋጋ ቆልፍ በጣም የተጋለጠ እንስሳ ነውና ስለ እሱም መከላከያ ይጠይቁ። እግረ መንገድዎን ጥርሱም ይታይ፤ የመንጋጋው ጠርዝ ስለት ሆኖ ጉንጩን እየቆረጠው ከሆነ ልጓም መጥላቱ ከዚያ ነው።

ኮርቻ የሚመለሰው ቁስሉ ሲደርቅ አይደለም፤ ጸጉር ሲበቅልበት ነው። ያ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። በዚያ ጊዜ በልባብ እየተመራ ይራመድ፣ ሌሎች ፈረሶች ባሉበት ይጋጥ። ጊዜው ሲደርስ መጀመሪያ የጀርባ ልብሱን ያስሸትቱት፣ ትከሻው ላይ ያሳርፉት፣ ያንሱት። ጆሮው ካልታጠፈ ይድገሙት። ጠፍሩን በአንድ ጊዜ አጥብቀው አይሰሩ፤ ሦስቴ ከፍለው ያጥብቁት። መጀመሪያ የሚቀመጥበትም ከሦስታችሁ ቀላሉ ሰው ይሁን፣ ሜዳ ላይ፣ ለጥቂት ደቂቃ። ጋሪውም እስከዚያ ይቁም፣ ወይም ዘመድዎ ሌላ ፈረስ ይከራይ፤ ኪራዩን ከጋራ ገንዘባችሁ ብታግዙት ማንም ፈረሱን በስውር አያወጣውም።